«መጠባበቂያ»፣ «ማኅደር»፣ «ፍልሰት»፦ የሦስት ቃላት ታሪክ

የኮምፒዩተር መዛግብትን ለመጠበቅ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ሦስት የተለያዩ ተግባሮችን ያከናውናሉ። የመጀመሪያው ዋናው ሰነድ በቦታው ሳለ ተጨማሪ ቅጂ ማዘጋጀት፣ ሁለተኛው የዕለት አገልግሎቱን የጨረሰ ሰነድን ለረጅም ዘመን ማቆየት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰነዱን ከአንድ ማከማቻ አንሥቶ ወደ ሌላ ማዛወር ነው። በአማርኛ ግን ሦስቱም ብዙ ጊዜ «ማስቀመጥ» በሚል አንድ ቃል ሲነገሩ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ ለሦስቱ ተግባሮች የሚስማሙ ቃላት በቋንቋችን ውስጥ ቀድሞውኑ መኖራቸውን ከታሪካቸው ለማሳየት ይሞክራል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው በራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮልፌ ቀራንዮ ለሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት የእንዲህ ዓይነቱን ሶፍትዌር መመሪያ ስንተረጉም ሦስቱንም ተግባር «ማስቀመጥ» ብለን አለፍነው። ሶፍትዌሩ በተሰጠው ደንብ መሠረት አምስት ዓመት የሞላቸውን መዛግብት በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ዲስክ እያዛወረ ከዋናው ዲስክ ያጠፋ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መመሪያችንን አንብቦ በሁለተኛው ዲስክ ያለው ትርፍ ቅጂ ነው ብሎ ስለ ገመተ፣ ቦታ ሲጠበው ደመሰሰው። የጠፋው ግን ቅጂው ሳይሆን ብቸኛው መዝገብ ነበር። ሠራተኛው የፈጸመው ያነበበውን ነው፤ ጥፋቱ የተርጓሚዎቹ፣ ማለትም የእኛ ነበር።

«መጠባበቂያ» የሚለውን ቃል ከበጀት ቋንቋ እናውቀዋለን፤ «ተጠባባቂ ጦር» የሚለውም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። በሁለቱም ዘንድ ዋናው በሥራ ላይ ይውላል፣ ሌላው ምናልባት ቢያስፈልግ ተብሎ ይቆያል። ስለዚህ ቃሉ ለመጀመሪያው ተግባር ብቻ ይስማማል።

«ማኅደር» ከግእዙ «ኀደረ» የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። በቤተ ክህነት የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ መያዣ፣ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የአንድ ጉዳይ ወረቀቶች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ነው። በማኅደር ውስጥ ያለው ራሱ መጽሐፉ እንጂ ግልባጩ አይደለም።

«ፍልሰት» የተገኘው «ፈለሰ» ከሚለው ግስ ነው። ፈላሲ አገሩን ትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ግንቦት 12 ቀን የሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ዐፅማቸው ከነበረበት ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወረበት መታሰቢያ ነው። የፈለሰ ነገር በቀድሞ ቦታው አይገኝም።

ልዩነቱን የብራና መጻሕፍታችን ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ሲሄዱ በቦታቸው የቀረ ግልባጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ግን ሌላ ነው። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ሲከማች፣ ብራናዎቹ በየባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን ለብዙ ዓመታት ያዘጋጁት በዚያ ነበር። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ንባቡ በፊልሙ ይገኛል። የመቅደላው በግድ የተፈጸመ ፍልሰት ነው፤ የማይክሮፊልሙ መጠባበቂያ ነው። ሁለቱን «ማስቀመጥ» ብሎ መጥራት ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። ዋናው በቦታው የሚቀር ከሆነ «መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ»፤ ዋናው ራሱ ለዘለቄታው እንዲቆይ ከዕለት ሥራ የሚለይ ከሆነ «ወደ ማኅደር ማስገባት»፤ ማከማቻው ተለውጦ የቀድሞው የሚለቀቅ ከሆነ «ማፍለስ» ይባል። ተግባሩን ሶፍትዌሩ ያለ ሰው ትእዛዝ በደንቡ መሠረት የሚፈጽመው ሲሆን «ራስ ሠር» የሚለው ይቀደምለት። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሰነዱን ካፈለሰ በኋላ በቀድሞው ቦታ የሚተወው ትንሽ ምልክት ደግሞ «አመልካች» እንጂ «ሰነድ» አይባል፤ ምልክቱን የሚያይ ሰው ሰነዱ ራሱ ያለ ይመስለዋልና።

ተርጓሚው ቃሉን ከመምረጡ በፊት ዋናው ሰነድ የት እንደሚቀር ሊጠይቅ ይገባዋል። እኛ ያን ጊዜ አልጠየቅንም። መመሪያውን በእነዚህ ቃላት አርመን መልሰን ሰጥተናል፤ የጠፉትን መዛግብት ግን መመለስ አልተቻለንም።