ከአንድ ዓመት ሠንጠረዥ እስከ ሕፃኑ የዓመታት ጉዞ፤ የተከታታይ መረጃ ጥናት ዘዴ አጭር ታሪክ

መግቢያ

በየትምህርት ዘመኑ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ቁጥር በክፍልና በጾታ ለይቶ ለበላይ አካል ያስተላልፋል። ቁጥሮቹ ተደምረው ሠንጠረዥ ይሆናሉ፤ ከሠንጠረዡም ፕላን ይወጣል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የሚነግረን በአንድ ወቅት በየክፍሉ የነበሩትን ተማሪዎች ብዛት ብቻ ነው። በአንደኛ ክፍል የተመዘገበችው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደ ደረሰች አይነግረንም። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ቢመስልም፣ ሊቃውንት ልዩነቱን ለይተው ለማወቅና ለየጥያቄው ተገቢውን የስሌት ዘዴ ለማግኘት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብና ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ልጅ ቁመትና የብዙዎች አማካይ

ፊሊበር ጌኖ ደ ሞንቤያር የተባለ ፈረንሳዊ በ1759 ወንድ ልጅ ተወለደለት። አባትየው ከልጁ ልደት ጀምሮ እስከ 1777 ድረስ በየስድስት ወሩ ገደማ ቁመቱን እየለካ መዘገበ። ወዳጁ የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን መዝገቡን በታላቁ መጽሐፉ ተጨማሪ ቅጽ ውስጥ አሳተመው፤ ልጁ ከክረምት ወራት ይልቅ በበጋ ወራት ፈጥኖ ማደጉንም አስተዋለ። አንድን ልጅ ከልደት እስከ ጉልምስና የተከታተለ የመጀመሪያው የታወቀ መዝገብ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። የቤልጅጉ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1835 ባሳተመው ሥራው ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸውን ብዙ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ብቻ በመለካት ለየዕድሜው አማካይ ቁመት አወጣ። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ስለ ነበረ በብዙ አገሮች ተቀባይነት አገኘ። ሆኖም ኬትሌ ባወጣው የእድገት መስመር ላይ በጉርምስና ጊዜ የሚታየው ድንገተኛ የቁመት ጭማሪ አልታየም። ከአማካዩ መስመር ጀርባ ያሉት ልጆች ጠፍተው ነበርና።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ያብራራው ፍራንዝ ቦአስ ነው። ቦአስ በ1891 በአሜሪካ በዉስተር ከተማ የትምህርት ቤት ልጆችን በተከታታይ መለካት ጀመረ። በ1892 ባወጣው ጽሑፍ ልጆች በእድገት ፍጥነታቸው እንደሚለያዩ አስረዳ። አንዷ ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ሌላዋ በአሥራ አራት ዓመቷ ድንገት ብትረዝም፣ የሁለቱ አማካይ የማንኛቸውንም እድገት በትክክል አያሳይም፤ ሹል የሆኑት ሁለት ጭማሪዎች ተደባልቀው አንድ ለስላሳ መስመር ይሆናሉ። በ1930ዎቹ ፍራንክ ሹትልወርዝ ልጆቹን ከፍተኛ እድገት ባሳዩበት ዕድሜ እየመደበ ባጠና ጊዜ የተሰወረው ጭማሪ ጎልቶ ታየ። ከዚህ የምንረዳው አማካይ ውሸት ባይሆንም የማንም ልጅ ታሪክ አለመሆኑን ነው።

ከፀሐይ ነጥቦች እስከ አተሩ ምሳሌ

በሌላ በኩል በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ አንድ ቁጥር እንዴት እንደሚመረመር የተገኘው ዕውቀት በአብዛኛው ከሥነ ፈለክ የመጣ ነው። ሄንሪክ ሽቫበ የተባለ በጀርመን አገር የዴሳው ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ከ1826 ጀምሮ በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነጥቦች በትዕግሥት ቆጠረ፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት ቆጠራ በኋላም ነጥቦቹ በአሥር ዓመት ገደማ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አስታወቀ። ሩዶልፍ ቮልፍም ዙሩ በአማካይ አሥራ አንድ ዓመት ያህል መሆኑን አሳየ።

ታዲያ ዙሩ እንደ ሰዓት የማይለዋወጥ ካልሆነ ምን ዓይነት ስሌት ይገልጸዋል? በ1927 እንግሊዛዊው ጆርጅ ኡድኒ ዩል ለዚህ ጥያቄ ባቀረበው መልስ አንድ ግሩም ምሳሌ ሰጠ። አንድ ፔንዱለም በሚወዛወዝበት ክፍል ውስጥ ልጆች ገብተው አተር ቢወረውሩበት፣ መወዛወዙ አይቆምም፤ ነገር ግን እያንዳንዷ አተር የመጪውን ጉዞ በጥቂቱ ታዛባለች። ስለዚህ ዩል የዛሬው መጠን ከቀደሙት ዓመታት መጠንና ከአዲስ የዕድል ግፊት የተገኘ ድምር ነው ብሎ ቀመር አወጣ። ትናንት በዛሬ ውስጥ ይኖራል፤ ዛሬም የራሱን ይጨምራል። በዚያው ዓመት በሞስኮ ዬቭጌኒ ስሉትስኪ በዕድል የወጡ ቁጥሮችን ደጋግሞ በመደመር እውነተኛ ዙር የሚመስሉ ሞገዶች እንደሚፈጠሩ አሳየ።

ዩል ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1926፣ ለፕላን ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። በእንግላንድና በዌልስ ከ1866 እስከ 1911 ባሉት ዓመታት በእንግላንድ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙ ጋብቻዎች ከጠቅላላው ጋብቻ የነበራቸው ድርሻና የሞት መጠን 0.95 የሚያህል ተዛምዶ ነበራቸው። ቁጥሩ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ማግባት ሰውን ይገድላል የሚል ማንም የለም። ሁለቱም በዘመኑ ለውጥ ምክንያት እየቀነሱ መሄዳቸው ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው። ስለዚህ የመማሪያ ክፍሎች ቁጥርና የፈተና ውጤት ለአሥር ዓመት አብረው ስላደጉ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ከማለት በፊት፣ የዓመት ለውጣቸውም አብሮ የሚሄድ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ጆርጅ ቦክስና ግዊሊም ጄንኪንስ በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ምርመራ በደረጃ ከፋፍለው ለተግባር አመቻቹት።

ልጆችን በስም መከተል

በ1946 መጋቢት ወር በብሪታኒያ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት ተመዘገቡ። ሐኪሙ ጄምስ ዳግላስ ከእነዚህ መካከል 5,362ቱን መርጦ እስከ ትምህርት ቤትና ከዚያም በላይ ተከታተላቸው። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ተመሳሳይ ችሎታ እያላቸው የሠራተኛው መደብ ልጆች ወደ አካዳሚክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን ገለጠ። የአንድ ጊዜ ፈተና ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የልጁን መነሻና መድረሻ ጎን ለጎን ማስቀመጥን ይጠይቃልና።

ለእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ የሚሆን ስሌት በ1982 ናን ሌርድና ጄምስ ዌር ባቀረቡት ሥራ ሰፊ ተግባራዊ መልክ አገኘ። በዘዴያቸው መሠረት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መነሻና የራሱ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ የሁሉም መስመሮች ግን በአንድ የጋራ መስመር ዙሪያ ይቆማሉ። አንዳንድ ልኬት የጎደለው ልጅም ከስሌቱ አይወጣም። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ የጠፋው ራሱ ችግሩ ስላስቀረው ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ራሱ መረጃ ነው፤ ምንም ስሌት ብቻውን ሊሞላው አይችልም።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ በአሥር ቀበሌዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በተከታታይ ሲመዘገብ ቆይቷል። በ2002 የተጀመረው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናትም በኢትዮጵያ በሁለት የዕድሜ ክልል የሚገኙ 3,000 ሕፃናትን ይዞ ተነሥቶ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል።

ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ምን እናድርግ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጀማሪነቱ ጊዜ በአንድ ዓመት ሠንጠረዥ ላይ ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር የአራተኛ ክፍሎቹን ቀንሶ ልዩነቱን «ያቋረጡ» ብሎ በሪፖርት አስፍሯል። ስሕተቱን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እናስብ። በአንድ ትምህርት ቤት ዘንድሮ በአንደኛ ክፍል 120፣ በአራተኛ ክፍል 48 ተማሪዎች አሉ እንበል። በዚያ አሠራር ከመቶ 60 የሚሆኑት አቋርጠዋል ማለት ነው። ነገር ግን የዛሬ ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍል የገቡት 60 ብቻ ከነበሩ፣ ኪሳራው ከመቶ 20 ይመስላል። ስም በስም ስንመለከት ደግሞ ከ48ቱ መካከል 9ኙ ደጋሚዎች፣ 3ቱ ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ሆነው እናገኛለን። ስለዚህ ከ60ዎቹ በወቅቱ የደረሱት 36 ናቸው። ከቀሩት 24 ውስጥ 8ቱ በታች ክፍል እየደገሙ፣ 6ቱ በሌላ ትምህርት ቤት እየተማሩ፣ 10ሩ ደግሞ ትምህርት ፈጽሞ አቋርጠው ይገኛሉ።

ሦስት አሠራር ሦስት መልስ ሰጠ። የሚያስከትሉት ውሳኔም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱን ያለጥፋቱ ያስወቅሳል፤ ሁለተኛው ደጋሚዎቹን ይሸፍናል፤ ሦስተኛው ብቻ አሥሩን ልጆች በስማቸው ያሳውቀናል። ወደ ቤታቸው ሄዶ ለምን እንደ ቀሩ መጠየቅም የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው መሣሪያ ኮምፒዩተር አይደለም። ሞንቤያር የነበረው አንድ መለኪያና አንድ መዝገብ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም መጥሪያውንና ሮስተሩን በየዓመቱ ጠብቆ ቢያቆይ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ቢሰጥ፣ መዛወርን ከማቋረጥ ለይቶ ቢመዘግብ፣ የፕላን ባለሙያው የሚያስፈልገው መረጃ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም የመዝገብ አያያዝን እንደ ጽሕፈት ሥራ ብቻ ሳይሆን እንደ ሙያ ዕውቀት ሊያስተምሩት ይገባል። በመዝገቡ ላይ በቀይ የተሠረዘ ስም ሁሉ የአንድ ልጅ ጉዞ የተቋረጠበት ቦታ ሊሆን ይችላልና፣ የሠረዘው እጅ ምክንያቱንና ቀኑን አብሮ ይጻፍ።