ከምጣዱ ዳር የሚጀምር አገር፦ ብሬታኝ

በፈረንሳይዋ ብሬታኝ፣ ካምፔር ከተማ ውስጥ፣ ከካቴድራሉ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት፣ አንዲት ሴትዮ ምጣድ እያሰሱ ደረስኩ። ማሰስ ያልኩት ሌላ ስም ስለሌለው ነው። እኛ ቤት የጎመን ዘር የሚሠራውን ሥራ እዚያ የአሳማ ስብና የእንቁላል አስኳል ድብልቅ ይሠራዋል። ሴትዮዋ የጋለውን ብረት በጨርቅ ወለወሉና ግራጫማውን ሊጥ በጭልፋ አፈሰሱ። ሮዜል በምትባል ትንሽ የእንጨት መዘርጊያ ከመሃል ወደ ዳር አዞሩት። ሊጡ ምጣዱን ሞላ፣ ጥቃቅን ዓይን አወጣ፣ ጠርዙም ተላቀቀ። እንቁላል ሰበሩበት፣ አይብ በተኑበት፣ አራቱን ጎን አጠፉና ከአንድ ኩባያ አሬራ ጋር አቀረቡልኝ።

ምግቡ ጋሌት ይባላል፤ ምጣዱ በአገሬው ቋንቋ ቢሊግ ነው። እንደ እንጀራችን ለቀናት የሚቦካ አይደለም፤ ሳሳ ይላል፣ ጠርዙም ይንኮሻኮሻል። ፈረንሳይን ከፓሪስ የሚጀምር ብዙ ነው። ብሬታኝ የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ ምጣድ ዳር ቢጀምር የአገሩ ታሪክ ተራ በተራ ይመጣለታል ብዬ አምናለሁ።

እህሉን ጥቁር ስንዴ ይሉታል። ስንዴ ግን አይደለም፤ ዝምድናው ከቱልት ጋር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወደ ብሬታኝ ገባ። አፈሩ ከጥቁርና ግራጫ ድንጋይ የወጣ፣ ስስና ኮምጣጣ ስለሆነ ስንዴ በደንብ አይዝበትም። ይህኛው ግን በግንቦት መጨረሻ ተዘርቶ በመስከረም ይታጨዳል፣ ለመሬትም አይመርጥም። ለዘመናት ድሃውን አጥግቦ ያሳደረው እሱ ነው።

ቅቤው ደግሞ ጨው አለበት። ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ጋቤል የሚባል የጨው ግብር ነበራቸው። በአብዛኛው ሰሜን ፈረንሳይ ጨው ውድ ስለነበር ሰው ቅቤውን ያለ ጨው መብላት ለመደ። ብሬታኝ ከግብሩ ነጻ ነበረች፤ ጌራንድ ላይ ደግሞ ገበሬው የባሕር ውኃ በጭቃ ገንዳ እያሞቀ በፀሐይ ጨው ያመርታል። ርካሽ ጨው ያለው ቅቤውን እያሸ አስቀመጠ። በድንበሩ ላይ ጨው በኮንትሮባንድ የሚያሻግሩ ሰዎች ሲያዙ ለመርከብ ቀዘፋ ቅጣት ይዳረጉ ነበር። ጋቤል በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ጨው ያለው ቅቤ ግን እስከ ዛሬ የብሬታኝ ሰው መታወቂያ ሆኖ ቀረ። ዱዋርኔኔ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው ኩዊን አማን የሚባለው ኬክ ስሙም «የቅቤ ኬክ» ማለት ነው። አንድ ቁራሽ የቀመሰ ሰው ስሙ ለምን እንደተሰጠው አይጠይቅም።

ግን ብሬታኝ ከጨው ግብሩ ነጻ የወጣችው ለምንድን ነው? ብሬታኝ የራሷ መስፍን ያላት አገር ስለነበረች ነው። የነጻዋ ብሬታኝ የመጨረሻ ገዥ አን በ1477 ናንት ተወለደች፤ አባቷ ሲሞት ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በ1491 የፈረንሳዩን ንጉሥ ቻርልስ ስምንተኛን አገባች። እሱ ሲሞት፣ በጋብቻ ውሉ መሠረት፣ በ1499 ተተኪውን ሉዊ አሥራ ሁለተኛን አገባች። ለአንድ የመስፍን ግዛት ሲባል የሁለት ነገሥታት ሚስት ሆነች። በ1514 ስታርፍ አስከሬኗ ነገሥታቱ በሚቀበሩበት በሳን ድኒ አረፈ፤ ልቧ ግን በወርቅ ሙዳይ ሆኖ ወደ ናንት ተመለሰ። ሙዳዩ በ2018 ከሙዚየም ተሰርቆ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ተገኘ። ያኔ የናንት ሰው የተደሰተው ለወርቁ ብቻ አይመስለኝም።

በ1532 አገሪቱ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋሃድ፣ ያለ ሸንጎዋ ፈቃድ አዲስ ግብር እንዳይጣል ተስማምተው ነበር። ሉዊ አሥራ አራተኛ ግን ለጦርነቱ ወጪ በማኅተም ወረቀትና በትምባሆ ላይ ግብር ጣለ። በ1675 ገበሬው ቀይ ቆብ ደፍቶ ተነሣ። ቅጣቱ ከባድ ነበር። በምዕራቡ ጫፍ ሕዝቡን ለአመፅ የጠሩ ደወሎች የነበሩባቸው አብያተ ክርስቲያናት ማማቸው ተቆረጠ። ፖን ላቤ አጠገብ ያለው የላምቡር ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ማማው ጎደሎ ሆኖ ቆሟል። የአካባቢው ሴቶች ይደፉት የነበረው ረጅም ነጭ ዳንቴል ቆብ የተቆረጡትን ማማዎች መልሶ ለማቆም ነው ይላሉ አፈ ታሪክ አዋቂዎቹ። ቆቡ የረዘመው ከዘመናት በኋላ ነው፤ እኔ ግን ወሬውን ወደድኩት፤ ሕዝብ የተወሰደበትን ነገር በራሱ ላይ አኑሮ ሲዞር።

ቋንቋቸውስ? በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታንያ ደሴት ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ያመጡት ሲሆን ከዌልስ ቋንቋ ጋር ወንድማማች ነው፤ ፈረንሳይኛ መቻል ብቻውን እሱን ለመረዳት አይበቃም። በድሮ ትምህርት ቤት ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ አሮጌ የእንጨት ጫማ ይንጠለጠልበት ነበር። እሱም ሌላ የሚናገር ልጅ አግኝቶ እስኪያስተላልፍ ድረስ ተሸክሞት ይውላል። ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረግ ከዱላው የከፋ ክፋት ነው። ዲዋን የተባሉት በብሬቶንኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የተጀመሩት በ1977 ነው። «ዲዋን» ቃሉ ራሱ ቡቃያ ማለት ነው።

ከታሪክ በፊት የነበረውን ለማየት ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ካርናክ ላይ በመስመር የቆሙ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ድንጋዮች አሉ። ብዙ ሰው እነሱን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ ሎክማሪያኬርን አስበልጣለሁ። እዚያ ከሃያ ሜትር የሚበልጥ አንድ ድንጋይ አራት ቦታ ተሰብሮ ተኝቷል። አክሱም ላይ የወደቀውን ሠላሳ ሦስት ሜትር ሐውልት አጠገቡ ቆሞ ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህም እግሩ አልላወስ ይለዋል። የብሬታኙ በሺህ ዓመታት ይቀድማል፤ የሰው ልጅ ግን በሁለቱም ቦታ ያንኑ ከባድ ነገር ሽቅብ ለማቆም ደክሟል።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚመስለው ግን ሃይማኖታዊ ጉዞው ነው። ፓርዶን ይሉታል፤ የቅዱሳን ክብረ በዓል ነው። ሎክሮናን ላይ ትሮሜኒ የሚባለው ጉዞ የአየርላንዱን መናኝ የቅዱስ ሮናንን መንገድ ይከተላል። ታላቁ ትሮሜኒ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰንደቅና ከበሮ አለ፣ በዳር በዳር ደግሞ ከቅርንጫፍ የተሠሩ ዳሶች ውስጥ የየደብሩ ቅዱሳን ሐውልቶች። ዳስ ጠባቂዎቹ ትናንሽ ደወል እያቃጨሉ ምጽዋት ይቀበላሉ። ታቦት አጅቦ ያደገ ሰው ሥርዓቱን ባያውቅም እርምጃውን ያውቀዋል።

ትንሹ ጉዞ በየዓመቱ በሐምሌ ሁለተኛ እሑድ ይካሄዳል። ታላቁ በስድስት ዓመት አንዴ ነው፤ ያለፈው በ2025 ነበር፣ ቀጣዩ በ2031 ይሆናል። የሚሄድ ሰው ጥሩ ጫማ ያድርግ፤ መንገዱ በእርሻ መሃል ስለሚያልፍ ዝናብ ካለ ጭቃ ነው። መንገዱ የሚወጣበት ተራራ አናት ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ወደ ምዕራብ ይመልከት፤ ባሕሩ ይታየዋል።