መኪናው ያባዛል፣ ቋንቋው ያደርሳል

የኅትመት ታሪክ በተወሳ ቁጥር እኛ መሐንዲሶች አስቀድመን የምናደንቀው መኪናውን ነው። ዮሐንስ ጉተንበርግ በማይንትስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ 180 ያህል መጽሐፍ ቅዱሶችን በብረት ፊደል አትሞ ሲያወጣ፣ የመጽሐፍን ዋጋ የሚያወርደው የሥራ ስልት ተገኘ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ላቲን ስለ ነበር ከሊቃውንቱ ወንበር ወደ ገበሬው ጎጆ አልዘለቀም።

በአገራችንም ቅዱሱ መጽሐፍ ለብዙ ዘመናት በግዕዝ፣ በብራና ላይ ሲጻፍ ኖሯል። ብራናው የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፈጅ ነበርና፣ መጽሐፉ የደብርና የመኳንንት ሀብት እንጂ የተራው ሰው አልነበረም። የቋንቋውን አጥር ያፈረሱት አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው። እርሳቸውም ካይሮ ተቀምጠው፣ በፈረንሳዊው ቆንስል በአስሊን ድጋፍ፣ መላውን መጽሐፍ በዐሥር ዓመት ድካም ወደ አማርኛ መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1819 ሲያርፉ ግን ከሥራቸው አንድም መጽሐፍ ታትሞ አላዩም፤ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ላይ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ነው ፊደል የቆጠረ ሰው መጽሐፉን በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ቤቱ ለማንበብ መንገዱ የተከፈተለት።

ይህ ታሪክ ለሙያችንም ይናገራል። የምንሠራባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል፤ ግንበኛውና አናጢው ግን የሚግባቡት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ነው። ዕውቀታችንን ወደ ሠራተኛው ቋንቋ የሚመልስ ሰው ካላፈራን፣ መኪናው ምንም ቢበዛ ዕውቀቱ እንደ ጥንቱ ብራና በጥቂቶች እጅ ይቀራል።