«እመቤት ጀኔቫ» እና አበባዋ

በእንግሊዝ አገር በጋ ሲገባ በየአጥሩ ሥር የሚያብብ ኤልደር የሚሉት ቁጥቋጦ አለ። ነጭ አበባውን ቀጥፈው፣ በስኳርና በሎሚ ውኃ ዘፍዝፈው አሳድረው ያጠሉታል። ከዚያ ጭማቂ ጥቂት፣ ጂን አንድ መለኪያ፣ በረዶ፣ ከላይ ሶዳ ወይም ሻምፓኝ፤ በቃ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ኮክቴል ሆነ። ባለቤቲቱ «እቤቴ የሠራሁት ነው» ብትል ያምርባታል እንጂ ማንም አይታዘባትም። ግን መቀላቀሉን ነው እንጂ ጂኑን ራሱን አታወጣም፤ ያለ ፈቃድ ማውጣት በዚያ አገር ዛሬም ወንጀል ነው። ድሮስ?

በ1690 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ ከእህል መጠጥ ማውጣትን የሚያበረታታ ሕግ ደነገገ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ነበርና የፈረንሳይ ብራንዲ እንዲገባ አልተፈለገም፤ የባለመሬቶቹ ትርፍ እህል ገበያ ይሻል፤ መንግሥትም ቀረጡን ይሻል። ጂን በዚህ በር ገባ። ስሙ ከሰይጣኑ ጂን ጋር አይገናኝም፤ ሆላንዶች «ጄኔቨር» ከሚሉት የመጣ ሲሆን ሥሩ ጥድ ማለት ነው። ሽታውን የሚሰጠው የጥድ ፍሬ ነው፤ የኛም ጥድ የዚያ ዘመድ ነው።

ብዙ ሳይቆይ በለንደን የድሃ ሰፈር ጂን በየጓዳው፣ በየምድር ቤቱ፣ በጋሪ ላይ ሳይቀር ይሸጥ ጀመር። በጥድ ፈንታ ተርፐንታይን የሚጨምሩም ነበሩ። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር ንግድ ነዋ! አረቄ ሸጠው ልጅ ያሳደጉ እናቶችን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። መጠጡንም በሴት ስም «እመቤት ጀኔቫ» አሉት።

በ1734 ጁዲት ደፉር የምትባል ድሃ እናት የሁለት ዓመት ልጇን አንቃ ገድላ፣ ልብሷን በ1 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ሸጣ ጂን ጠጣችበት። እሷም ተሰቀለች። አገር ደነገጠ። በ1736 የወጣው ሕግ ታዲያ የችርቻሮ ፈቃዱን በዓመት 50 ፓውንድ አደረገው፤ ለጠቋሚ 5 ፓውንድ ተመደበ። ፈቃድ ያወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ ይባላል። የታሰሩት እነማን ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ እኮ እነዚያው የጓዳ ሻጮች ናቸው። ሕዝቡ ጠቋሚዎቹን መንገድ ላይ ይደበድብ ነበር። በ1743 መንግሥት ለሌላ ጦርነት ገንዘብ ሲያሻው ሕጉን ሻረው፤ ያው ቀረጡ ናፈቀው።

በ1751 ሆጋርት የጂን ሠፈርን ሣለ፦ የሰከረች እናት ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ ከእጇ ቁልቁል ሲወድቅ። ሥዕሉ ኃይለኛ ነው፤ አልክድም። ግን እህሉን የሸጠው ባለመሬት እዚያ ላይ የለም። በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ ወጣ። በ1757 መከር ሲከፋ ደግሞ ከእህል ማውጣት እስከ 1760 ታገደ። ያኔ ጂን ተወደደ፤ ጓዳውም ጸጥ አለ።

አረፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1767 ፕሪስትሊ የተባለው ቄስ ሊድስ ከተማ ውስጥ በቢራ መጥመቂያ ጋን አፍ ላይ ውኃ አንጠልጥሎ ጋዙን አስገባበት። በ1783 ሽዌፕ ጄኔቫ ላይ ነገሩን ንግድ አደረገው። ሶዳው ከቢራ ጋን፣ ጂኑ ከድሃ ጓዳ፤ አበባው ብቻ ነው ከአጥር ሥር በነጻ የሚቀጠፈው።