ከቤቱ እስከ ዋናው መስመር

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ምክር አያጣም። ስለ ሴራሚኩ ቀለም፣ ስለ ጂፕሰሙ፣ ስለ በሩ ብረት ሁሉም አስተያየት አለው። ከሽንት ቤቱ ተነስቶ በመንገዱ ሥር ካለው ዋና የፍሳሽ መስመር ጋር ስለሚገናኘው ቱቦ ግን የሚያወራ የለም። ይቆፈራል፣ ይቀበራል፣ አፈር ይመለስበታል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም።

እዚች አጭር ርቀት ላይ ግን ትልቅ ታሪክ ተቀብሯል። ታሪኩን ለማየት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደንን የሚያህል ቦታ የለም፤ አንድ ግዙፍ ከተማ ቤቶቹን አንድ በአንድ ከነባር መስመር ጋር ሲያገናኝ ምን እንደሚፈጠር በራሱ ሕዝብ ላይ ሞክሮ ያየው እዚያ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ለንደን ውስጥ በመሬት ሥር የሚሄዱ ቦዮች ድሮም ነበሩ። የተሠሩት ግን ለዝናብ ውሃ ነው። እስከ 1815 ድረስ የሽንት ቤት ፍሳሽን ወደ እነሱ መልቀቅ ክልክል ነበር። ታዲያ ሰዉ የት ይጸዳዳ ነበር? ጉድጓድ ላይ ነዋ! በየቤቱ ሥር ወይም ጓሮ በጡብ የተገነባ ጉድጓድ ነበር፤ በከተማው ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ እንደነበሩ ይገመታል። ጉድጓዱ ሲሞላ ጠራጊዎች ሌሊት መጥተው ያወጡና በጋሪ ጭነው ከከተማ ውጭ ላሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ ይሸጡታል። ይሸታል፣ ይቆሽሻል፣ ግን ዞሮ ዞሮ የሚሠራ ዘዴ ነበር። ከመሬት የመጣው ወደ መሬት ይመለሳል።

ይህን ዘዴ ያፈረሰው አንድ በጣም ጥሩ ፈጠራ ነው። በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ሰዓት ሠሪ ውሃ የሚለቅ መቀመጫ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት አወጣ። ትልቁ ሐሳቡ ከመቀመጫው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ነበር። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ ውሃው ደግሞ ሽታው ወደ ቤት እንዳይመለስ ይዘጋል። የእኛ ቧንቧ ሠራተኞች «ሲፎን» የሚሉት ማለት ነው። ዛሬም ቤታችሁ ያለው ሲፎን በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ከ2 መቶ ዓመት በላይ መሠረቱ ሳይቀየር የኖረ ዲዛይን ነው።

ሽንት ቤቱ በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እየተለመደ ሄደ። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ጆርጅ ጄኒንግስ ባቆማቸው የሕዝብ ሽንት ቤቶች ከ827 ሺህ በላይ ሰዎች አንድ አንድ ፔኒ ከፍለው ተጠቅመዋል። ሁሉም ወደደው። ግን አስቡት፤ ድሮ ጉድጓዱ የሚቀበለው የሰውን ቆሻሻ ብቻ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ መልቀቅ ብዙ ሊትር ውሃ አብሮ ይገባል። በወራት የሚሞላው ጉድጓድ በሳምንታት ይሞላ ጀመር። ጠራጊም ውሃ ጭኖ ገበሬ ጋ አይሄድም፤ ማን ይገዛዋል?

መፍትሔው አጠገብ ያለ መሰለ። ጉድጓዱን ከመንገዱ ቦይ ጋር ማገናኘት! ከ1815 ጀምሮ ተፈቀደ። በ1848 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣና ማገናኘቱ ግዴታ ሆነ። በሶፍትዌር ቋንቋ ብናገር፣ ለአንድ ሥራ የተጻፈ አሮጌ ሲስተም ላይ ሌላ ሥራ ተጫነበት። ሕጉ የቦዩን ሥራ በወረቀት ቀየረው፤ ቦዩ ራሱ ግን አልተቀየረም። ብዙ ቦታ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ተዳፋቱ ትንሽ ነው፣ መጨረሻውም ወደ ቴምዝ ወንዝ ነው። የዝናብ ውሃ ቴምዝ ሲገባ ማንም አይጎዳም። የሚሊዮኖች ሽንት ቤት ሲገባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከከተማው የመጠጥ ውሃ ብዙው የሚቀዳው ከዚሁ ከቴምዝ ነበር።

ይህን የገፉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ዋናው ሰው ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ድሆች አኗኗር ባወጣው ትልቅ ሪፖርት የንጽሕናን ነገር የመንግሥት ጉዳይ ያደረገ ሰው ነው። ችግሩ፣ እሱም እንደ ዘመኑ ሊቃውንት በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ሽታው ከቤት ከራቀ በሽታውም ይርቃል። ይህን ሰምተን እንዳንስቅ፤ እኛም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው በ1918 የገባውን የኅዳር በሽታ ከአየሩ በጭስ ለማባረር የተጀመረ ልማድ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ፣ ለንደን ሐሳቡን በቧንቧ ሠራችው። ሽታውን ከቤት አውጥታ በሽታውን ወደ መጠጥ ውሃው ላከችው። በ1848 እና 1849 በገባው ኮሌራ ከ14 ሺህ በላይ የለንደን ሰዎች ሞቱ።

ወደ አንዲት ቤት እንግባ። ብሮድ ስትሪት፣ ቁጥር 40።

ነሐሴ 1854 መጨረሻ ላይ እዚህ ቤት የምትኖር የ5 ወር ሕፃን፣ የፖሊስ ባልደረባው የቶማስ ልዊስ ልጅ፣ ተቅማጥ ያዛት። እናቷ ጨርቆቿን ያጠበችበትን ውሃ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ትደፋው ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው የውሃ ፓምፕ አለ። በቀናት ውስጥ ሰፈሩ በኮሌራ ታመሰ። ሕፃኗ መስከረም 2 ቀን ሞተች። በመጨረሻ 616 ሰው አለቀ።

ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት እየጠየቀ አብዛኞቹ ከዚያ ፓምፕ ይጠጡ እንደነበር አሳየ። መስከረም 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ካርታውም እጀታውም ታዋቂ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው መስከረም 8 ቀን የሕፃኗ አባት ታመመ፤ ከ11 ቀን በኋላም ሞተ። ማለትም አዲስ ኮሌራ እንደገና ወደዚያው ጉድጓድ መግባት ጀምሮ ነበር። እጀታው ባይነቀል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

የሰፈሩ ወጣት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ መጀመሪያ ስኖውን አላመነውም ነበር። ሊያፈርሰው ብሎ መረጃ ሲሰበስብ ግን ራሱ አመነ፤ የሕፃኗንም ጉዳይ ያገኘው እሱ ነው። ቀደም ብሎ የውሃ ጉድጓዱ ከውስጥ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም። በ1855 ግን ዮርክ የሚባል ባለሙያ ከውጭ በኩል፣ ከቤቱ ወደ መንገዱ የሚሄደውን መስመር ቆፍሮ አየ።

ያገኘውን ነገር ዛሬ ማንኛውም ቧንቧ ሠራተኛ ያውቀዋል። የቤቱ ፍሳሽ መስመር ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ጡብ ነው። ወደ ዋናው መስመር ያለው ተዳፋት በጣም ትንሽ ስለሆነ ቆሻሻው ወለሉ ላይ ተጋግሯል። የጡቦቹን መገጣጠሚያ የያዘው ማያያዣ አልቆ፣ ጡቦቹ ያለ ምንም ጉልበት ከቦታቸው ይነሳሉ። ሽታ እንዲያግድ ተብሎ የተሠራው ጉድጓድም አሠራሩ የተበላሸ ነው፤ ፍሳሹን ከማሳለፍ ይልቅ ያቁረዋል። የቆረው ደግሞ በየስንጥቁ ይሰርጋል። ከፍሳሽ መስመሩ ግንብ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ግንብ ያለው ርቀት 2 ጫማ ከ8 ኢንች ነበር። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር።

ልብ በሉ፣ ቤቱ ከዋናው መስመር ጋር «ተገናኝቷል»። በሕጉ ዓይን ሥራው አልቋል። ግን ተዳፋቱ አይበቃም፣ መገጣጠሚያው ያፈስሳል፣ የሽታ ማገጃው አይሠራም። ሦስት ጥቃቅን የሥራ ጉድለቶች ናቸው፤ ሦስቱም ከአፈር በታች ስለሆኑ ሰው እስኪሞት የጠየቀ አልነበረም።

ለምን ተዳፋት ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? ሽንት ቤት የሚለቀው ውሃና ጠጣር ነገር አንድ ላይ ነው። ቱቦው ከተጋደመ ውሃው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ጠጣሩን ግን መግፋት አይችልም፤ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ለተለመደው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ1 ሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል የሚደረገው። ከዋናው መስመር ጋር ሲገናኝም ፍሰቱን ተከትሎ በሰያፍ መግባት አለበት። ቀጥ ብሎ ወይም ፊት ለፊት ከገባ ሁለቱ ፍሰቶች ይጋጫሉ፣ ጠጣሩም እዚያ ይከማቻል። የቱቦው ጫፍ ወደ ዋናው መስመር ውስጥ ከወጣ ደግሞ የሚያልፈውን ጨርቅና ወረቀት ሁሉ እንደ መንጠቆ ይይዛል። መገናኛው ላይ ማንሆል የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ ሲደፈን የሚከፈት ቦታ ያስፈልጋላ!

ወደ ለንደን እንመለስ። ብሮድ ስትሪት የአንድ ቤት ጉዳይ ነበር። በ1858 በጋ ግን የሁሉም ቤቶች ድምር አንድ ላይ መጣ። ሙቀቱ በረታ፣ ቴምዝ ገማ። ከወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ ሽታውን ለማገድ መጋረጃዎቹን በክሎራይድ ኦፍ ላይም ዘፈዘፈ፤ አልሆነም። ዓመታት የተጎተተው ሕግ በ18 ቀን ጸደቀ። ገማው አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ገንዘቡ ተገኘ።

ሥራውን የመራው መሐንዲስ ጆሴፍ ባዛልጄት ነው። የቤቶቹን ቱቦዎች አልነካም፤ የመንገዱን ቦዮችም አላፈረሰም። ወደ ወንዙ ከመድረሳቸው በፊት የሚጠልፏቸው 132 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ አዳዲስ ዋና መስመሮች ሠራ። ብዙዎቹ የእንቁላል ቅርጽ አላቸው፤ ታችኛው ጠባብ ስለሆነ ውሃው ትንሽ በሚሆንበት ጊዜም ፈጥኖ ይሄዳል። ብሮድ ስትሪት ላይ የጎደለው ይኸው ፍጥነት ነበር። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ክፉኛ የተመታው አዲሱ ሥራ ገና ያላለቀበት የከተማው ምሥራቅ ነው።

ግን ባዛልጄትም ፍሳሹን አላጣራውም፤ ከከተማው በታች ወስዶ በዚያው ቴምዝ ለቀቀው። በ1878 «ፕሪንሰስ አሊስ» የተባለች መርከብ መለቀቂያው አካባቢ ስትሰጥም ከ600 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ የወደቁት ጥቂት ቀደም ብሎ በተለቀቀው ፍሳሽ ውስጥ ነበር። «ከቤቴ ይውጣ እንጂ» ወደ «ከከተማዬ ይውጣ እንጂ» አደገ፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ከመሰላችሁ፣ በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በእግራችሁ ሂዱ። ከተማችን ለጎርፍ የተሠራ ቱቦና ለፍሳሽ የተሠራ መስመር አላት። የፍሳሽ መስመሩ ቃሊቲ ወዳለው ማጣሪያ ይሄዳል። የጎርፉ ቱቦ ግን ወንዝ ውስጥ ነው የሚለቀው። ሽንት ቤቱን ማታ ማታ ከጎርፍ ቱቦው ጋር የሚያገናኝ ሰው የሚያደርገው ለንደን በ1815 ያደረገችውን ነው፤ ለዝናብ በተሠራ ቦይ ሌላ ነገር መላክ። ከዚያ ቀበና፣ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። መንገድ ላይ በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ተቃራኒውም አለ። የጣራውን ውሃ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኘ ሰው በሐምሌ ዝናብ የታችኛውን ሰፈር ማንሆል ክዳን ያስነሳል።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ወይም ቤተሰባችሁ የሚሠራ ከሆነ፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ስጡት። በባልዲ ውሃ ልቀቁና ማንሆሉ ጋ ቆማችሁ እዩ፤ የገባው ሁሉ ደረሰ ወይ? መገጣጠሚያዎቹን በእጅ ዳብሱ፣ ደረቅ ናቸው? ከዚያ ሠራተኛውን ጠይቁት፤ «ይሄ የተገናኘንበት መስመር የጎርፍ ነው የፍሳሽ? ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» መልሱ «ምን አገባህ፣ ብቻ ይሄዳል» ከሆነ ጉድጓዱን ገና አትሙሉት።