ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ? ለነፍሰ ጡር ሴት የተሰጡ ምክሮች ታሪክ

በኦሪት ዘጸአት መጀመሪያ ላይ የሚገኘው የሲፓራና የፉሐ ታሪክ በብዙ አንባቢያን ዘንድ የታወቀ ነው። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች ለምን በሕይወት እንደተዉ ሁለቱን አዋላጆች በጠየቃቸው ጊዜ፣ የዕብራውያን ሴቶች እንደ ግብፃውያን ሴቶች እንዳልሆኑ፣ ብርቱዎች በመሆናቸውም አዋላጅ ሳትደርስላቸው እንደሚወልዱ ነገሩት። መልሱ ሕፃናቱን ለማዳን የተነገረ ቢሆንም፣ ንጉሡ ፊት ለመቅረብ የሚያበቃ መሆኑ ራሱ አንድ ነገር ያመለክታል፤ በሥራ የጠነከረች ሴት በቀላሉ ትወልዳለች የሚለው እምነት እጅግ ጥንታዊ ነው። ነፍሰ ጡር ትንቀሳቀስ ወይስ ትረፍ የሚለው ክርክርም ከዚያ ዘመን አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይቋጭ ዘልቋል።

በጥንታዊት ግሪክ ጥያቄው የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ የስፓርታው ሕግ አውጪ ሊኩርጎስ ልጃገረዶች እንዲሮጡ፣ እንዲታገሉ፣ ዲስክና ጦር እንዲወረውሩ ያዘዘው፣ ጽንሱ በጠንካራ አካል ውስጥ እንዲያድግና እናቲቱም የምጥን ሕመም እንድትቋቋም ነበር። አሪስቶትል በበኩሉ «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው ነፍሰ ጡሮች ሰውነታቸውን ሥራ እንዳያስፈቱ ካሳሰበ በኋላ፣ ይህን በቀላሉ ማስፈጸሚያ ዘዴ ይጠቁማል፤ ልደትን የሚጠብቁ አማልክትን ለማምለክ በየዕለቱ ወደ ቤተ መቅደስ በእግራቸው እንዲሄዱ በሕግ ማዘዝ። በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሮም ያገለገለው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኑስ ግን ከሕግ አውጪዎቹ ይልቅ ወደ ሴቲቱ ቀረብ ብሎ ተመለከተ። ምክሩንም በእርግዝናው ደረጃ ከፋፈለው፤ በመጀመሪያው ወቅት ጸጥታና ጥንቃቄ፣ ከዚያ በኋላ መጠነኛ እንቅስቃሴና የእግር ጉዞ፤ ከባድ ሸክምና ዝላይ ግን የተከለከሉ ነበሩ።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የባለጸጎች ቤት እርግዝና እንደ ሕመም የሚታይና ከሰው ዓይን የሚሸሸግ ጉዳይ ሆኖ ነበር። እመቤቲቱ በክፍሏ ተዘግታ ስትተኛ፣ አገልጋይዋና የፋብሪካ ሠራተኛዋ ግን ምጥ እስኪይዛቸው ይሠሩ ነበር። ይህን ልዩነት በሚዛን የለካው የፓሪሱ የማዋለድ ሕክምና ሊቅ አዶልፍ ፒናር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ይፋ ባደረገው ጥናቱ፣ ከመውለዳቸው በፊት በመጠለያ ያረፉ ድሆች እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት እስከ መጨረሻው ቀን ሲሠሩ ከቆዩት እናቶች ልጆች ይልቅ ክብደት እንዳላቸው አሳየ። ጉዳዩ ከሐኪም ጠረጴዛ ወደ ሸንጎ ተሸጋገረ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1909 ለወላድ ሠራተኞች የስምንት ሳምንት ፈቃድ፣ በ1913 ደግሞ ከፈቃዱ ጋር የሚከፈል አበል በሕግ ደነገገች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1919 የወሊድ ጥበቃ ስምምነቱን አጸደቀ።

ድካም ለበዛባት ሴት የተገኘው ይህ መብት ግን ለሁሉም ነፍሰ ጡሮች የማይንቀሳቀሱበት ምክንያት ተደርጎ መወሰዱ አልቀረም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መመሪያ፣ የነፍሰ ጡር የልብ ምት በደቂቃ ከ140 እንዳይበልጥ፣ ብርቱ እንቅስቃሴም ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ ገደብ ጣለ። ገደቡ ከማስረጃ ይልቅ ከጥንቃቄ የመነጨ ስለነበር ብዙ አልቆየም። በ1994 የልብ ምት ወሰኑ ተነሣ፤ በ2002 ደግሞ ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር በአብዛኞቹ የሳምንቱ ቀናት 30 ደቂቃ እንድትንቀሳቀስ ተመከረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል።

ለዚህ ለውጥ መሠረት የሆነው ማስረጃ ቀላል አይደለም። የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀማል፤ ኢንሱሊንም ሥራውን በተሻለ ሁኔታ እንዲያከናውን ያግዛል። በካናዳ ተመራማሪዎች መሪነት ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በእርግዝናቸው ወቅት የአካል እንቅስቃሴ ባደረጉ ሴቶች ዘንድ በእርግዝና ሳቢያ የሚመጣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ፕሪክላምፕሲያ የመከሰት ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በአንጻሩ የማህፀን ደም መፍሰስ፣ ብርቱ የደም ማነስ ወይም የማህፀን በር መላላት ያለባት ሴት ያለ ሐኪም ምክር እንቅስቃሴ መጀመር እንደማይገባት መመሪያዎቹ ያስጠነቅቃሉ።

የአደባባይ ምስክርም አልጠፋም። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በእርግዝናዋ ወቅት ልምምዷን ሳታቋርጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ወለደች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኒው ዮርክ ማራቶን ኢትዮጵያዊቷን ጌጤ ዋሚን አስከትላ አሸነፈች። ደራርቱ ቱሉ ደግሞ እናት ከሆነች በኋላ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ዳግም ወርቅ አጥልቃለች፤ በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍም ራድክሊፍ ከኋላዋ ነበረች። ወሊድ የሴትን ጉልበት ጨርሶ ይወስዳል የሚለውን አስተሳሰብ የእነዚህ ሯጮች እግር ረትቶታል።

ይሁን እንጂ ይህ ምክር በአፍሪካ ቀንድ ሲነገር ለማን እንደሚነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ለምትውለው የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ነዋሪ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ መድኃኒት ነው። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ለምትወርደው ሴት፣ ወይም ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ለምትጓዘው እናት ግን ተመሳሳይ ቃል መናገር ስላቅ ይሆናል። እንቅስቃሴ በፈቃድ ተጀምሮ በፈቃድ የሚቆም፣ ምግብና ዕረፍት የሚከተለው ነገር ነው፤ ሸክም ግን አንዱም የለውም። ከባድ ዕቃ ማንሣትና ለረጅም ሰዓት መቆም ያለጊዜው ከመውለድ ጋር በመጠኑ እንደሚያያዙም ጥናቶች ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ አሠሪ የሌላት ገበሬ ወይም እንጨት ለቃሚ ግን ፈቃድ የምትጠይቀው የላትም። በባህሉ ዕረፍት የሚሰጣት ከወለደች በኋላ፣ አራስ ተብላ ገንፎ ሲቀርብላት ነው።

ብርታት ብቻውን ከአደጋ እንደማያድንም ታሪክ ያስተምራል። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል የታከሙት ብዙዎቹ ሴቶች ለረጅም መንገድና ለሥራ እንግዳ አልነበሩም፤ የጎደላቸው ምጥ ሲጠናባቸው በጊዜ የሚደርስላቸው ባለሙያ ነበር። በኢትዮጵያ በ100 ሺህ ሕያው ልደት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 መውረዱ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ተገምቷል።

የሲፓራና የፉሐ ብርቱ ሴቶች አዋላጅ ሳይጠብቁ ወለዱ ተብሎ ተነግሯል። የዛሬዋ ብርቱ ሴት ግን አዋላጅም ያስፈልጋታል። ወላድን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ምርቃቱ መውለድ ከሞት መትረፍ እንደነበር ይመሰክራል። ለተቀመጠችው እንቅስቃሴን፣ ለደከመችው ዕረፍትን፣ ለሁለቱም ባለሙያን ማድረስ ከተቻለ፣ ያ ምርቃት የስጋት ሳይሆን የደስታ ብቻ ይሆናል።