ለሮክ ሙዚቃ የሚስማማው ድራም፤ ታሪኩና ምርጫው

የሙዚቃ መሣሪያ እንደ ማንኛውም የሰው ልጅ የሥራ መሣሪያ ሁሉ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከኑሮና ከሥራ ግዴታ የተወለደ ነው። ከመድረክ በስተጀርባ ተደርድሮ የምናየው ድራምም ቅርጹን ያገኘው ከአንድ ሊቅ ምናብ ሳይሆን ከቀጣሪ ቁጠባ፣ ከሙዚቀኛ ላብና ከአዳራሽ ስፋት ነው። ስለሆነም ለሮክ ሙዚቃ የሚሆን ድራም ለመግዛት የሚሻ የኪነት ቡድን ወይም ትምህርት ቤት ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ታሪኩን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ገንዘቡ ከብዙ ኪስ የተዋጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ የምርጫው ስሕተትም የብዙዎች ኪሳራ ይሆናልና።

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በአሜሪካ የማርሽ ባንዶች ውስጥ ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፣ ትንሹን ሌላ ሰው፣ ሲምባሉን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይመታ ነበር። ሙዚቃው ከአደባባይ ወደ ቲያትር ቤትና ወደ ጭፈራ አዳራሽ ሲገባ ግን ቦታው ጠበበ፤ ባለንብረቶቹም ለሦስት ሰው ደመወዝ ከመክፈል የሦስቱን ሥራ በአንዱ ጫንቃ ላይ መጫን መረጡ። ሁለት እጅ ብቻ ያለው ሙዚቀኛ እግሩንም ለሥራ ማሰለፍ ግድ ሆነበት። በኒው ኦርሊንስና በሌሎች ከተሞች ልዩ ልዩ ፔዳሎች ተሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የቺካጎው ዊልያም ሉድዊግ ለፈጣን ምት የሚመች ፔዳል ከወንድሙ ጋር ማምረት ጀመረ። በ1920ዎቹ ደግሞ ሁለት ሲምባሎችን በግራ እግር የሚያጋጨው ሃይ ሃት ተጨመረ። እነሆ፣ አንዱ ሰው በአራት እጅና እግሩ የአንድ ጓድ ሥራ ይሠራ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ቤቶች ድራመሩ የፈረስ ኮቴና የነጎድጓድ ድምፅ ጭምር ያሰማ ነበር። ከ1927 ወዲህ ፊልም ራሱ መናገር ሲጀምር ግን በሺህ የሚቆጠሩ የቲያትር ሙዚቀኞች ከሥራ ተፈናቀሉ። ደወሉና ፊሽካው ከድራሙ ላይ ረገፈ፤ የቀረው የጭፈራው ምት ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ጂን ክሩፓ ከስሊንገርላንድ ፋብሪካ ጋር በመተባበር፣ ቀድሞ ቆዳው በምስማር የሚመታውን የቻይና ቶም በሁለቱም ፊቱ የሚቃኝ አደረገው። በእግር የሚመታው ባስ ድራም፣ ከሥሩ የሽቦ ክር የተወጠረበት ስኔር፣ አንድ ትንሽ ቶምና መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ቶም፤ ይህ የአራት ከበሮ ሥርዓት የሮክ ሙዚቃ ወራሽ የሆነበት ቅርስ ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ እንደ ኧርል ፓልመር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ድራመሮች ከአራቱ ምት ሁለተኛውንና አራተኛውን በስኔር ላይ አጥብቀው በመምታት የሮክን አከርካሪ አቆሙ። በአንጻሩ ጊታሩ በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፁን ሲያገዝፍ ድራመሩ የነበረው የክንዱ ጉልበት ብቻ ነበር። ጠንክሮ በመታ ቁጥር የጥጃው ቆዳ ይቀደድ፣ በእርጥበትም ይላላ ነበር። ከበሯችንን በፀሐይ ወይም በእሳት የምናሞቅ እኛ ይህን ችግር እናውቀዋለን። በ1957 ሬሞ ቤሊ በፕላስቲክ ፊት ማምረት ሲጀምር ከበሮው የአየር ጠባይ ምርኮኛ መሆኑ ቀረ።

በ1964 ቢትልስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ ወደ 73 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሪንጎ ስታርን አየ። አራት ከበሮ ብቻ ነበረው፤ ባስ ድራሙም 20 ኢንች ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም 26 ኢንች ባስ ድራም ይዞ ተነሣ። ይሁን እንጂ የቦናም ግዝፈት ከከበሮው ስፋት ብቻ የመነጨ አልነበረም። በ1971 ለወጣው አልበማቸው አንዱን ዘፈን ሲቀዱ፣ ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ድራሙን ከደረጃው ግርጌ አኑረው ማይክሮፎኖቹን ከላይ አንጠለጠሉ። ቤቱ ራሱ መሣሪያ ሆነ።

የ20ውም የ26ቱም ኢንች ባለቤቶች የሮክ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «የሮክ ድራም» ማለት የከበሮ ብዛት ወይም የስም ታላቅነት አይደለም፤ ሥራውን ከቦታው ጋር ማስማማት ነው። ለመካከለኛ አዳራሽ 22 ኢንች ባስ ድራም፣ 12 ወይም 13 ኢንች ቶም፣ 16 ኢንች የመሬት ቶምና ጥልቀቱ እስከ 6 ኢንች ተኩል የሚደርስ 14 ኢንች ስኔር ይበቃል። ማይክሮፎን በሌለበት ሰፊ ስፍራ 24 ኢንቹ ይረዳል፤ ለጠባብ ክፍል የሪንጎ መጠን አያንስም። ሜፕል የተባለው እንጨት ሞቅ ያለ፣ በርች የተባለው ደግሞ ሰላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጠንክሮ ለሚመታ ሰው ድርብ ፊት ይመረጣል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ፊቱን አውልቆ የእንጨቱን ከንፈር በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያስቀምጠው። ብርሃን በሥሩ ካለፈ ከንፈሩ ተዛብቷል፤ ቅኝትም በቀላሉ አይይዝም። ያረጀ ፊት ይለወጣል፣ የተቧጨረ ቀለምም ድምፅ አያበላሽም፤ የተጣመመ እንጨት ግን መድኃኒቱ ውድ ነው። ሁለትና ሦስት ቶም ለመጨመር የታሰበው ገንዘብ ለጠንካራ ፔዳል፣ ለማይወላገድ መቆሚያና ለጥሩ ሲምባል ቢውል ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ሲምባል እንደ ፊቱ በርካሽ አይተካምና።

በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዋልያስና አይቤክስን የመሳሰሉ ባንዶች ይህንኑ ባዕድ መሣሪያ ለጭክጭካ ምት አገልጋይ አደረጉት። መሣሪያውን ያገራቸው የያዙት ሥራ ነበር። ቲያትር ቤቱ የሦስት ሰው ሸክም የጫነበት ያ ስሙ ያልተመዘገበ ሙዚቀኛም በግዴታ የጀመረው ይህንኑ ነው። ዛሬ ድራም ለመምረጥ የሚቀርብ ወጣት ዓይኑን ከሚያብለጨልጨው ቀለም አንሥቶ፣ «ይህ ከበሮ በየትኛው አዳራሽ፣ ለማን፣ ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የዚያን ሙዚቀኛ ድካም በአግባቡ ወረሰ ማለት ነው።